የአቻ ገምጋሚዎች ሚና በሕክምና መጽሔቶች ታሪክ፦ ከጎጃም ደጋ የዝሆኔ በሽታ አንጻር

መግቢያ

በአንድ የሕክምና መጽሔት ላይ የሚወጣ የጥናት ጽሑፍ የጸሐፊዎቹን ስም፣ የሚሠሩበትን ተቋምና የደረሱበትን ውጤት ይዞ ይቀርባል። ጽሑፉ ከመታተሙ በፊት አንብበው፣ ጥያቄ አንሥተው፣ ግድፈቱን አመልክተው፣ አንዳንዴም ድምዳሜው እንዲለወጥ ያደረጉት ሰዎች ስም ግን በአብዛኛው በዚያ ገጽ ላይ አይገኝም። እነዚህ ሰዎች አቻ ገምጋሚዎች ይባላሉ። አቻ መባላቸው በሙያና በዕውቀት ከጸሐፊው ጋር የሚስተካከሉ በመሆናቸው ነው። ለሥራቸው እንደ ልማዱ ክፍያ አይቀበሉም፤ የሚሠሩትም ከመደበኛ ሥራቸው በሚተርፍ ሰዓት፣ ብዙውን ጊዜ በሌሊት ነው። ይሁን እንጂ ያለ እነርሱ አንድ መጽሔት የአዘጋጆቹ የግል ማስታወሻ ከመሆን አያልፍም።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአቻ ግምገማ ከየት ተነሥቶ እንዴት ወደ ሀገራችን የሕክምና መጽሔቶች እንደ ደረሰ በአጭሩ ማሳየት፣ ገምጋሚው የሚያነሣቸው ጥያቄዎች ለታካሚው ምን ፋይዳ እንዳላቸው በተጨባጭ ምሳሌ መመርመር፣ እንዲሁም የአሠራሩን ደካማ ጎኖች መጠቆም ነው። ለምሳሌነት የተመረጠው በጎጃም ደጋ፣ በተለይም በደብረ ማርቆስ ዙሪያ፣ በየገበያውና በየጤና ጣቢያው የምናየው የዝሆኔ በሽታ ነው። ምርጫው ጸሐፊው በአካባቢው የሚያገለግል ሐኪም በመሆኑ ብቻ የተደረገ አይደለም። የዚህ በሽታ የዕውቀት ታሪክ፣ ከስያሜው ጀምሮ እስከ ሕክምናው ድረስ፣ በመጽሔት ገጾች ላይ ደረጃ በደረጃ የተጻፈ በመሆኑም ጭምር ነው። በጽሑፉ ውስጥ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢያን እንዲገነዘቡልን እንጠይቃለን።

ግምገማ እንዴት ተጀመረ?

በ1665 ሄንሪ ኦልደንበርግ የተባለው የለንደን ሮያል ሶሳይቲ ጸሐፊ «ፊሎሶፊካል ትራንዛክሽንስ» የተሰኘውን መጽሔት ማሳተም ሲጀምር የሚወጣውንና የማይወጣውን በዋናነት የሚወስነው እርሱ ራሱ ነበር። ጽሑፎችን በዘርፉ ለተካኑ ሰዎች አከፋፍሎ የማስመርመር አሠራር በግልጽ ተጽፎ ከሚገኝባቸው ቀደምት ስፍራዎች አንዱ በስኮትላንድ ኤደንብራ በ1733 መታተም የጀመረው የሕክምና ድርሳናት ስብስብ ነው። ሮያል ሶሳይቲም በ1752 ጽሑፎችን የሚመርጥ ኮሚቴ አቋቋመ። ከ1830ዎቹ መጀመሪያ አንሥቶም በጽሑፍ የሚቀርብ የገምጋሚ አስተያየት መቀበል ጀመረ።

በሕክምናው መስክ አሠራሩ ሁሉን አቀፍ የሆነው ግን ብዙዎቻችን ከምናስበው እጅግ ዘግይቶ ነው። በ1823 የተመሠረተው «ላንሴት» ጽሑፎችን ለውጭ ገምጋሚዎች በቋሚነት መላክ የጀመረው በ1976 ሲሆን «ኔቸር» የተባለው የሳይንስ መጽሔትም በመደበኛነት የጀመረው በ1973 ነው። ለመዘግየቱ አንዱ ምክንያት ቀደም ሲል መጽሔቶች የሚቸገሩት ገጻቸውን የሚሞላ ጽሑፍ በማጣት እንጂ በጽሑፍ ብዛት ባለመሆኑ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የጥናቱ ብዛትና የሙያው መከፋፈል ሲጨምር አንድ አዘጋጅ ሁሉን ሊያውቅ እንደማይችል ግልጽ ሆነ። የማባዣ መሣሪያ መስፋፋትም አንድን ረቂቅ ለሁለትና ለሦስት ሰው በአንድ ጊዜ መላክን ቀላል አደረገው።

ከዚህ የምንረዳው የአቻ ግምገማ ከጥንት ጀምሮ ሳይለወጥ የኖረ ሥርዐት አለመሆኑን ነው። በችግር ምክንያት የተፈጠረ፣ በሂደት የተሻሻለና አሁንም በመሻሻል ላይ ያለ የሥራ ልማድ ነው።

የሀገራችን መጽሔቶች

የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር በ1961 ተመሠረተ። በቀጣዩ ዓመት፣ በ1962፣ የማኅበሩ ልሳን የሆነው የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት መታተም ጀመረ። ይህ ጊዜ ምን ዓይነት እንደ ነበር ማስታወስ ይገባል። የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ከተከፈተ ገና 8 ዓመቱ ነበር፤ የአዲስ አበባው የሕክምና ፋኩልቲ ደግሞ የተቋቋመው መጽሔቱ ከወጣ በኋላ በ1964 ነው። በሌላ አነጋገር መጽሔቱ የሀገሪቱን የመጀመሪያ የሕክምና ፋኩልቲ በዕድሜ ይቀድመዋል። በሀገር ውስጥ የሚሠሩት ሐኪሞች ጥቂቶች፣ ከእነርሱም ብዙዎቹ የውጭ ሀገር ዜጎች በነበሩበት በዚያ ዘመን ጸሐፊም ገምጋሚም አንባቢም የሚወጣው ከዚያው ትንሽ ክበብ ነበር። እንዲህ ባለ ሁኔታ የባልደረባን ሥራ ያለ ይሉኝታ መመርመር ምን ያህል ከባድ እንደሆነ ለማሰብ አያዳግትም።

ከዚያ ወዲህ መጽሔቶቻችን በቁጥር ጨምረዋል። የኢትዮጵያ የጤና ልማት መጽሔት በ1984፣ የጅማው የጤና ሳይንስ መጽሔት ደግሞ በ1990 ሥራቸውን ጀመሩ። በ1998 የተጀመረው የአፍሪካ መጽሔቶች የኢንተርኔት አገልግሎት የሀገራችንን መጽሔቶች ከሀገር ውጭ ላሉ አንባቢዎች አደረሰ። በ2002 በዓለም የጤና ድርጅት አስተባባሪነት የተጀመረው «ሂናሪ» የተሰኘው አገልግሎት ደግሞ በተቃራኒው አቅጣጫ የዓለምን መጽሔቶች ወደ እኛ ቤተ መጻሕፍት አመጣ። የዚህ ውጤት በገምጋሚዎች ሥራ ላይም ታይቷል። ቀድሞ ገምጋሚው በእጁ ባለው መጽሐፍና በትዝታው ይመዝን የነበረውን የጥናት ረቂቅ ዛሬ ከቀደሙት ጥናቶች ጋር አስተያይቶ ሊመረምር ይችላል።

አስነጋሪና ገምጋሚ

አንድን ሥራ ለሕዝብ ከማቅረብ በፊት ለሚያውቅ ሰው አቅርቦ ማስመርመር ለጎጃም እንግዳ ነገር አይደለም። በዲማ ጊዮርጊስ፣ በዋሸራና በደብረ ኤልያስ የቅኔ ጉባኤ ቤቶች ተማሪው የቆጠረውን ቅኔ መጀመሪያ የሚነግረው ለአስነጋሪው ነው። አስነጋሪውም ቤቱ መምታቱን፣ አገባቡ መስማማቱን፣ ሰሙና ወርቁ መግጠማቸውን ይመረምራል። የተበላሸውን ያርማል፤ የማይረባውን ይመልሳል። ተማሪውም ታርሞ ይመለሳል እንጂ እንደ ተዋረደ አይቆጥረውም፤ ነገ ደግሞ እርሱ በተራው ለታናሹ አስነጋሪ ይሆናል።

በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን መዘንጋት የለበትም። አስነጋሪው ከተማሪው ፊት ለፊት ተቀምጦ ይናገራል፤ የመጽሔት ገምጋሚ ግን በብዙ መጽሔቶች ስሙ ተሰውሮ ይጽፋል። አስነጋሪው የሚፈርደው በሥርዐቱ በተደነገገ መለኪያ ነው፤ ገምጋሚው ደግሞ ሐሳቡ አዲስ፣ ማስረጃው ያልተለመደ፣ አንዳንዴም እርሱ ራሱ ከሚያምነው የሚቃረን ሥራ ይቀርብለታል። ስለዚህ ከዕውቀት በተጨማሪ ከእርሱ እምነት ውጭ ያለውን የመስማት ትዕግሥት ይጠበቅበታል። የዝሆኔ በሽታ ታሪክ ይህን በሚገባ ያሳያል።

ዝሆኔ፦ አንድ በሽታ በመጽሔት ገጾች ላይ

በሞቃታማው ዓለም የእግር እብጠት ሲነሣ ለረጅም ጊዜ የሐኪሞች አሳብ ወዲያው የሚያመራው በወባ ትንኝና በመሰል ትንኞች ወደሚተላለፈው የፊላሪያ ትል ነበር። ይህ ትል በሀገራችን እንደ ጋምቤላ ባሉ ምዕራባዊ ቆላማ አካባቢዎች በእርግጥ አለ። ችግሩ ግን ብዙዎቹ የዝሆኔ ሕሙማን የሚገኙት በደጋውና በወይና ደጋው፣ ትሉ በማይተላለፍበት ከፍታ ላይ መሆኑ ነው። የሕሙማኑ ደም ሲመረመርም ትሉ አይገኝም።

በ1969 ኦመን የተባሉ ሐኪም በልዩ ልዩ የሀገሪቱ ክፍሎች በሚገኙ 56 ገበያዎች የተደረገ ቆጠራ በአንድ የሐሩር አካባቢ ሕክምና መጽሔት ላይ አወጡ። ከገበያተኛው በአማካይ ወደ 2.7 በመቶ የሚሆነው እግሩ ያበጠ እንደ ሆነም ገለጹ። ቀጥሎ ብሪታኒያዊው የቀዶ ሕክምና ሐኪም ኧርነስት ፕራይስ በ1972 የበሽታውን የሥነ ደዌ ገጽታ፣ በ1974 ደግሞ በሽታው ከአፈርና ከአየር ንብረት ጋር ያለውን ግንኙነት በሁለት ዓለም አቀፍ መጽሔቶች አሳተሙ። ፕራይስ ሕሙማኑ የሚገኙት ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ በተፈጠረ ቀይ የሸክላ አፈር ላይ፣ ዝናብ በበዛበት ከፍታ ቦታ፣ በባዶ እግራቸው በሚሄዱ ገበሬዎች መካከል መሆኑን አስረዱ። በአፈሩ ውስጥ ያሉ ደቃቅ ቅንጣቶች በእግር ቆዳ ገብተው የሊምፍ ቧንቧዎችን ያቆስላሉ፤ ይህም የሚደርሰው በተፈጥሮ ለበሽታው በተጋለጡ ሰዎች ላይ ነው የሚለውን አሳብም አጠናከሩ።

በ1988 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በ26ኛ ቅጹ የፕራይስን አንድ አጭር ጽሑፍ አወጣ። ርዝመቱ ሦስት ገጽ ብቻ ነው። ይሁን እንጂ ያለ ፊላሪያ የሚከሠተው ዝሆኔ ከመሬት ኬሚካዊ ባሕርይ የሚመጣ በሽታ መሆኑ እንደ ተረጋገጠና «ፖዶኮኒዮሲስ» ተብሎ መሰየሙን ለሀገራችን ሐኪሞች ያበሰረው ይኸው ጽሑፍ ነው። ስያሜው «እግር» እና «አቧራ» ከሚሉ የግሪክ ቃላት የተገኘ ነው።

የስያሜው መለወጥ የቃል ጉዳይ ብቻ አልነበረም። በሽታው ከትል ከሆነ መፍትሔው ትሉን የሚገድል መድኃኒትና ትንኝን መከላከል ነው። ከአፈር ከሆነ ግን መፍትሔው ጫማ፣ ሳሙናና ውኃ ነው። ከአፈር የመጣ እብጠት ያለበት የደጋ ገበሬ ለዓመታት የትል መድኃኒት ቢውጥ አይድንም፤ በሽታውንም ከዘር እርግማን ወይም ከመተት ጋር የሚያያይዙ ጎረቤቶቹ እርሱን ማግለላቸውን ይቀጥላሉ። በመሆኑም «ትሉን በበቂ መንገድ ፈልጋችሁ ነበር ወይ? ደሙ የተወሰደው በሌሊት ነው በቀን? ከፍታው ስንት ሜትር ነው? ያንኑ አፈር ረግጠው ያልታመሙት ለምን ዳኑ?» የሚሉ የገምጋሚ ጥያቄዎች በወረቀት ላይ የሚደረጉ የምሁራን ክርክሮች ቢመስሉም መድረሻቸው የሕመምተኛው እግር ነው።

ከገበያ ቆጠራ ወደ ቤት ለቤት ጥናት

የገበያ ቆጠራ ርካሽና ፈጣን ዘዴ ነው። ጥንቁቅ ገምጋሚ ግን ወዲያውኑ ሁለት ጥያቄ ያነሣል። አንደኛው፣ እግሩ ክፉኛ ያበጠ ሰው ወደ ገበያ መሄድ ስለማይችል ወይም ስለሚያፍር ከቤቱ አይወጣም፤ ስለዚህ ቆጠራው ከእውነቱ ያንሳል። ሁለተኛው፣ ገበያተኛው ከየትኛው ቀበሌ እንደ መጣ ስለማይታወቅ ቁጥሩን ከሕዝብ ብዛት ጋር ማነጻጸር ያዳግታል። ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሚሰጠው ቤት ለቤት የሚደረግ ጥናት ብቻ ነው።

በጎጃም ይህ ጥናት በደብረ ኤልያስና በደምበጫ ወረዳዎች ተካሄዶ በ2012 ያለ ክፍያ በሚነበብ ዓለም አቀፍ የሐሩር በሽታዎች መጽሔት ላይ ታተመ። ዕድሜያቸው 15 ዓመትና ከዚያ በላይ ከሆኑት ነዋሪዎች 3.3 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው ተገለጸ። ይህን ቁጥር በቃላት ብንመልሰው ከ30 ጎልማሶች አንዱ ማለት ነው። ዓለም የሚያውቃቸው ብዙ በሽታዎች በማኅበረሰብ ውስጥ ከዚህ ባነሰ መጠን ይገኛሉ። የጮቄ ተራራ፣ ከባሕር ጠለል በላይ ከ4,000 ሜትር የሚበልጠው ይህ ጥንታዊ እሳተ ገሞራ፣ ለምሥራቅ ጎጃም ወንዞቹንና ለም አፈሩን ያበረከተ መሆኑን ሁላችንም እናውቃለን። ከዚሁ አፈር ጋር የመጣውን ዕዳ ግን ከሀገር ውጭ ያለ አንባቢ ሊያውቀው የቻለው ይህን በመሰሉ ጽሑፎች ነው።

የዓለም የጤና ድርጅት በ2011 ፖዶኮኒዮሲስን ችላ ከተባሉ የሐሩር በሽታዎች ጋር አያይዞ ማንሣት ጀመረ። ሀገራችንም በ2013 በእነዚህ በሽታዎች ብሔራዊ ዕቅድ ውስጥ አካተተችው። በ659 ወረዳዎች በሚገኙ 1,315 ማኅበረሰቦች የተደረገውና በ2015 የታተመው ብሔራዊ ጥናት ደግሞ ከተመረመሩት 129,959 ሰዎች 4 በመቶ የሚሆኑት በሽታው እንዳለባቸው አሳየ። ያልታተመና ያልተገመገመ አኃዝ ለዕቅድ አውጪ መነሻ ሊሆን እንደማይችል ስናስብ ከነዚህ ውሳኔዎች በስተጀርባ ስማቸው ያልተጠቀሰ ገምጋሚዎች እንዳሉ መረዳት አያዳግትም።

ቀጥሎ የመጣው ጥያቄ «ሕክምናው ይሠራልን?» የሚል ነበር። እግርን ማጠብ፣ ቅባት መቀባት፣ በፋሻ መጠቅለል፣ እግርን ማንቀሳቀስ፣ ካልሲና ጫማ ማድረግ እንደሚጠቅም በሥራ ላይ ያሉ ባለሙያዎች ሁሉ ያምኑ ነበር። እምነት ግን ማስረጃ አይደለም። በምሥራቅ ጎጃም የተካሄደውና በጎጃም ስም የተሰየመው ሙከራ 696 ሕሙማንን በዕጣ ለሁለት ከፍሎ ለአንደኛው ቡድን ሕክምናውን ወዲያውኑ፣ ለሁለተኛው ቡድን ከ12 ወር በኋላ ሰጠ። የሙከራው ዕቅድ ውጤቱ ከመታወቁ ሦስት ዓመት ቀደም ብሎ በ2015 በአንድ መጽሔት ላይ ታትሟል፤ ውጤቱ ደግሞ በ2018 በ«ላንሴት ግሎባል ሄልዝ» ወጣ። ሕክምናውን ቀድመው ያገኙት ሕሙማን ትኩሳትና ብርቱ ሕመም ያለው የእግር መመርቀዝ በዓመት በአማካይ 19.4 ጊዜ ሲነሣባቸው በሌላው ቡድን 23.9 ጊዜ ተነሥቷል።

ይህን ውጤት በገምጋሚ ዓይን እንየው። ዕቅዱ አስቀድሞ መታተሙ አጥኚዎቹ መጀመሪያ ሊለኩ ያሰቡትን ትተው በኋላ የተሳካላቸውን ብቻ እንዳይዘግቡ ይጠብቃል። ሁለተኛው ቡድን ከዓመት በኋላ ሕክምናውን ማግኘቱ «ሕሙማንን ያለ እርዳታ መተው ተገቢ ነውን?» ለሚለው የሥነ ምግባር ጥያቄ መልስ ይሰጣል። ጫማና ፋሻን ከሕመምተኛው መሰወር ስለማይቻል የትኛው ሰው በየትኛው ቡድን እንዳለ ይታወቃል፤ ይህም ጸሐፊዎቹ ሊገልጹት የሚገባ ድክመት ነው። በመጨረሻም ልዩነቱ እውነተኛ ቢሆንም መጠነኛ ነው፤ ሕክምናውን ያገኘ ሰው እንኳ በዓመት ከ19 ጊዜ በላይ ይታመማል። ስለዚህ «በሽታው ድኗል» የሚል ድምዳሜ አይፈቀድም፤ «ሕመሙ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቀንሷል» የሚለው ግን ይፈቀዳል። በሁለቱ ዓረፍተ ነገሮች መካከል ያለውን ርቀት መጠበቅ ነው የገምጋሚው ዋና ሥራ።

ማስረጃው ከየት መጣ? የእንዶድ ትምህርት

ግምገማ ሁልጊዜ ለእውነት የቆመ ነው ማለት አይቻልም። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 በዐድዋ ሴቶች ልብስ በሚያጥቡበት ወንዝ ከእንዶድ አረፋ በታች ቀንድ አውጣዎች ሞተው ማየታቸውንና ከዚህም በመነሣት እንዶድ የቢልሃርዚያ አስተላላፊ ቀንድ አውጣን እንደሚገድል ማረጋገጣቸውን አንባቢያን ያውቃሉ። የመጀመሪያውን ዘገባ ያተመው በ1965 የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት ነበር። ገና በሦስተኛ ዓመቱ ላይ የነበረ መጽሔት ለዓለም አዲስ የሆነ ግኝትን በገጾቹ ማስተናገዱ ሊያኮራን ይገባል።

ከዚያ በኋላ ያለው ታሪክ ግን የሚያኮራ አይደለም። ለተክሉ አጠቃቀም ድጋፍ ሊሰጡ የሚችሉ ዓለም አቀፍ ተቋማት የደኅንነት ምርመራው ዕውቅና ባላቸው የበለጸጉ ሀገሮች ቤተ ሙከራዎች እንዲሠራ ጠየቁ፤ ይህም ዓመታት ወሰደ። አክሊሉ ከባልደረባቸው ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ ጋር በ1989 «ራይት ላይቭሊሁድ» የተባለውን ሽልማት ተቀበሉ። የአፍሪካ ሳይንቲስቶች ሥራ ከመነሻው በጥርጣሬ እንደሚታይም ደጋግመው ተናግረዋል።

ከዚህ ታሪክ ሚዛናዊ ትምህርት መውሰድ ይገባል። በወንዝ ውኃ ላይ የሚረጭ ንጥረ ነገር ለሰውና ለዓሣ ያለውን ጉዳት መጠየቅ ትክክለኛ ጥያቄ ነው። ትክክል የማይሆነው ማስረጃው ምን እንደሚል ሳይታይ የተሠራበት ስፍራ ብቻ ለመቀበልም ሆነ ለመጣል ምክንያት ሲሆን ነው። ገምጋሚ የሚመዝነው ዘዴውን እንጂ የጸሐፊውን የፖስታ አድራሻ መሆን የለበትም። የሀገር ውስጥ መጽሔት ጥቅምም እዚህ ላይ ጎልቶ ይታያል፤ ቦታውን የሚያውቅ ገምጋሚ ያለው እርሱ ነውና። ዝናብ ሲጠና መንገድ የሚዘጋበትን ቀበሌ፣ በዐቢይ ጾም የሚለወጠውን አመጋገብ፣ በመኸር ወቅት ከቤት የማይገኘውን ገበሬ የማያውቅ ገምጋሚ ስለ ናሙናው አወሳሰድ የሚጠይቀው ጥያቄ ከፊሉ ከመሬት ላይ ካለው ሁኔታ ጋር አይገናኝም።

የገምጋሚው ሥራና ገደቡ

አሠራሩ በአጭሩ የሚከተለው ነው። አዘጋጁ የደረሰውን ረቂቅ ከመጽሔቱ ዓላማ ጋር መስማማቱንና የሥነ ምግባር ፈቃድ ማግኘቱን ካረጋገጠ በኋላ ለሁለት ወይም ለሦስት ገምጋሚዎች ይልካል። ገምጋሚው ከጸሐፊው ጋር የጥቅም፣ የዝምድና ወይም የጠብ ግንኙነት ካለው ይህን ገልጾ ይመልሳል። ከሌለው ረቂቁን በምሥጢር ይዞ ያነባል፤ ለጸሐፊው የሚደርስ ዝርዝር አስተያየት ይጽፋል፤ ለአዘጋጁም ረቂቁ ይታተም፣ ተሻሽሎ ይምጣ ወይም ይመለስ የሚል ምክር ይሰጣል። ውሳኔው የአዘጋጁ ነው። ገምጋሚው ምስክርና መካሪ እንጂ ዳኛ አይደለም።

ይህ አሠራር ምን ያህል እንደሚሠራ ራሱ በጥናት ተመርምሯል። በ1998 የታተመ አንድ የታወቀ ሙከራ ለኅትመት በተቀበሉት ጽሑፍ ውስጥ ሆን ተብለው 8 ድክመቶች እንዲገቡ አድርጎ ለ420 ገምጋሚዎች ላከ። መልስ ከሰጡት 221 ገምጋሚዎች እያንዳንዱ ያገኘው ድክመት በአማካይ 2 ብቻ ነበር። በዚያው ዓመት «ላንሴት» ያተመውና የኩፍኝ ክትባትን ከኦቲዝም ጋር ያገናኘው ጽሑፍ ግምገማን አልፎ ወጥቶ ከመጽሔቱ የተሰረዘው ከ12 ዓመት በኋላ በ2010 ነው። በኮቪድ ወረርሽኝ ወቅትም፣ በሰኔ ወር 2020፣ ሁለት ታላላቅ መጽሔቶች ምንጩ ሊረጋገጥ ባልቻለ መረጃ ላይ የተመሠረቱ ጽሑፎችን በአንድ ቀን ለመሰረዝ ተገድደዋል። ገምጋሚ የቀረበለትን ሠንጠረዥ ይመረምራል እንጂ ከሠንጠረዡ ጀርባ ያለውን መዝገብ አያይም። ሆን ብሎ የሚዋሽን ጸሐፊ ለመያዝ የተሠራ ሥርዐት አይደለም።

ይሁን እንጂ ግምገማ ሲቀር የሚተካው ምን እንደሆነም ታይቷል። በ2013 አንድ ጋዜጠኛ በግልጽ የተሳሳተ የፈጠራ ጥናት ለ304 በክፍያ ለሚያትሙ መጽሔቶች ልኮ 157ቱ ተቀብለውታል። ለማዕረግ ዕድገት የታተመ ጽሑፍ በሚጠየቅበት ሁኔታ ገንዘብ ተቀብለው በቀናት ውስጥ የሚያትሙ እንዲህ ያሉ መጽሔቶች ለወጣት ባልደረቦቻችን ታላቅ ፈተና ናቸው። ጉዳቱ የሚያርፈው በጸሐፊው ኪስ ላይ ብቻ አይደለም። ያልተመረመረ ቁጥር ወደ ሌላ ጽሑፍ፣ ከዚያም ወደ መማሪያና ወደ ሕክምና መመሪያ ይገባል።

ዘመኑ ያመጣው ሌላ ጥያቄ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ነው። የሕክምና መጽሔት አዘጋጆች ዓለም አቀፍ ኮሚቴ በ2023 ባወጣው ማሻሻያ ገምጋሚዎች ምሥጢራዊነቱ ወዳልተረጋገጠ የዚህ ዓይነት መሣሪያ ረቂቅ እንዳያስገቡ አሳስቧል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፤ ረቂቁ የጸሐፊው አደራ ነው።

ማጠቃለያ

ከላይ ከቀረበው ሐተታ ሦስት ነጥቦችን መያዝ ይቻላል። የመጀመሪያው፣ የአቻ ግምገማ ፍጹም ያልሆነ፣ ነገር ግን እስከ ዛሬ የተሻለ ምትክ ያልተገኘለት የሙያ አገልግሎት ነው። ሁለተኛው፣ የዝሆኔ በሽታ ታሪክ እንደሚያሳየው ከገበያ ቆጠራ ወደ ቤት ለቤት ጥናት፣ ከእምነት ወደ ሙከራ የሄድነው ቀድሞ ለቀረበው ሥራ ጥያቄ እየቀረበበት ነው። ሦስተኛው፣ የእንዶድ ታሪክ እንደሚያሳየው ጥያቄው ፍትሐዊ ካልሆነ ጠቃሚ ሥራ ለዓመታት ሊታገድ ይችላል።

ስለሆነም በክፍላተ ሀገር ሆስፒታሎችና በአዳዲሶቹ ዩኒቨርሲቲዎች የምንሠራ ሐኪሞች ከመጽሔት አዘጋጅ የግምገማ ጥያቄ ሲደርሰን «ይህ የታላላቆቹ ሥራ ነው» ብለን መመለስ አይገባንም። በደብረ ማርቆስ ተመላላሽ ክፍል በየሳምንቱ ያበጠ እግር የሚያይ ሐኪም ስለዚህ በሽታ የተጻፈ ረቂቅን ለመመርመር የሚያበቃ ዕውቀት አለው፤ የሚጎድለው የአጻጻፍ ልምድ ብቻ ነው። ይህም በሥልጠናና ከአንጋፋ ገምጋሚ ጋር በመሥራት የሚገኝ ነው። የሕክምና ትምህርት ቤቶች ጥናት መሥራትን እንደሚያስተምሩ ሁሉ ጥናት መገምገምንም ቢያስተምሩ፣ ተቋማትም በጥንቃቄ የተሠራ ግምገማን በማዕረግ ዕድገት ጊዜ ቢቆጥሩ፣ መጽሔቶችም በየዓመቱ ገምጋሚዎቻቸውን በስም ቢያመሰግኑ ሸክሙ በጥቂቶች ትከሻ ላይ ብቻ አይቀርም።

ባዶ እግሩን በቀይ አፈር ላይ የሚያርሰው ገበሬ ስለ መጽሔትና ስለ ገምጋሚ ላይሰማ ይችላል። ሳሙናና ጫማ ይበጀው ወይም አይበጀው እንደሆነ በእርግጠኝነት ልንነግረው የምንችለው ግን አንድ ሰው የቀረበውን ጽሑፍ በጥንቃቄ አንብቦ «ይህን በምን አወቃችሁ?» ብሎ ስለ ጠየቀ ነው።